አሞፊላን በየባሕር ዳርቻው እንትከል ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አሞፊላ ስለተባለው የባሕር ዳርቻ ሣር የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ባሕር ዳርቻዎች በማዕበልና በነፋስ እየተሸረሸሩ ባሉበት በዚህ ዘመን፣ ከድንጋይና ከሲሚንቶ ግንብ ይልቅ ርካሽና ዘላቂ የሆነው መፍትሔ አሸዋማ በሆነ ዳርቻ ሁሉ አሞፊላን መትከል ነው። ጸሐፊው ይህን አቋማቸውን በስድስት ነጥቦች ደግፈውታል። ሣሩ አሸዋን ባለበት አስሮ ያቆማል፤ ጨው ስለማይጎዳው እስከ ውኃው ጠርዝ ድረስ ሊተከል ይችላል፤ ከተተከለ በኋላ እንክብካቤ አያስፈልገውም፤ ዝርያዎቹ አንድ ዓይነት ሥራ ስለሚሠሩ የተገኘውን መትከል ይቻላል፤ ከተፈጥሮ ክልሉ ውጪ ያደርሳል የሚባለው ጉዳት የተጋነነ ነው፤ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ሣር ነውና ይነቀላል።

ዳርቻን በግንብ ከመከለል በዕጽዋት መጠበቅ ይሻላል በሚለው መነሻቸው ላይ ከጸሐፊው ጋር ልዩነት የለኝም፤ ጽሑፉም በቅን ልቦና የተጻፈ መሆኑ ይታያል። ይሁን እንጂ ከስድስቱ ነጥቦች አብዛኞቹ ስለዚህ ሣር በምርምርም በልምድም ከታወቀው ጋር አይስማሙም። እነዚህን ነጥቦች አምኖ የሚተክል ሰው ወይ የተከለው ሣር ይሞትበታል፣ ወይም የልጅ ልጆቹ በብዙ ድካምና ወጪ የሚነቅሉትን ነገር ተክሎ ያልፋል። ሁለቱም በተለያዩ አገሮች ደርሰዋል። ስለዚህ ነጥቦቹን በየተራ መመልከት ያስፈልጋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ሣሩ ማንነት ጥቂት ልበል። አሞፊላ በሣር ቤተሰብ ውስጥ የሚገኝ፣ ጥቂት ዝርያዎች ብቻ ያሉት ወገን ነው። ዝርያዎቹ በሙሉ ለብዙ ዓመታት የሚኖሩ ሲሆኑ፣ የሚበቅሉትም በመካከለኛው የአየር ንብረት ቀጠና ባሉ የባሕርና የትልልቅ ሐይቆች ዳርቻዎች፣ ነፋስ በከመረው አሸዋ ላይ ነው። አሞፊላ አሬናሪያ የአውሮፓና የሰሜን አፍሪካ ዳርቻዎች ተወላጅ ነው፤ አሞፊላ ብሬቪሊጉላታ ደግሞ የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻና የታላላቅ ሐይቆች ተወላጅ ነው። ከዚህ በኋላ የመጀመሪያውን የአውሮፓው አሞፊላ፣ ሁለተኛውን የአሜሪካው አሞፊላ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። በቨርሞንትና በኒው ዮርክ መካከል ባለው የሻምፕሌን ሐይቅ ዳርቻ የሚበቅለውን አንዳንድ የዕጽዋት ሊቃውንት ራሱን የቻለ ሦስተኛ ዝርያ አድርገው ሲቆጥሩት፣ ሌሎች የአሜሪካው አሞፊላ ንዑስ ክፍል ያደርጉታል። ጸሐፊው በመግቢያቸው ወገኑን ከሌሎች ሣሮች ሁሉ ፈጽሞ የተለየ ነው ማለታቸው ግን መታረም አለበት። በቅርብ ዓመታት የተካሄዱ የዘረመል ጥናቶች አሞፊላን ካላማግሮስቲስ በተባለው ሰፊ ወገን ውስጥ የሚያስገቡት ሲሆን፣ አንዳንድ የዕጽዋት መዛግብት ሣሩን በዚሁ ስም መመዝገብ ጀምረዋል። የአውሮፓው አሞፊላ ከአንድ የካላማግሮስቲስ ዝርያ ጋር በተፈጥሮ ተዳቅሎ ዘር የማያፈራ ድቅል እንደሚሰጥም ከባልቲክ ዳርቻዎች ከታወቀ ቆይቷል።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልለፍ። «አሞፊላ አሸዋን አስሮ ያቆማል» የሚለው አባባል የሌሎቹ ነጥቦች ሁሉ መሠረት ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ነፋስ አሸዋውን እየነዳ ሣሩ ዘንድ ሲደርስ በአገዳዎቹና በቅጠሎቹ መካከል ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ የቀነሰ ነፋስ የተሸከመውን አሸዋ ይዞ መቀጠል ስለማይችል እዚያው ያራግፈዋል። በዚህ መንገድ ሣሩ ራሱ በሰበሰበው አሸዋ ይቀበራል። አብዛኞቹ ዕጽዋት እዚህ ደረጃ ላይ ታፍነው ይሞታሉ። አሞፊላ ግን ራይዞም የሚባሉትን የምድር ውስጥ ግንዶቹን ወደ ላይ ያሳድጋል፤ በአዲሱ የአሸዋ ንብርብር ውስጥ ከየአንጓው አዲስ ሥር ያወጣል፤ ከላይም አዲስ ቅጠል ይዘረጋል። በአንድ ዓመት እስከ 1 ሜትር የሚደርስ አሸዋ ቢጫነው እንኳ ወጥቶ ማደግ ይችላል። ማዕበል ቆርሶ ገደል ባደረገው የአሸዋ ክምር ፊት የቆመ ሰው ይህን ሂደት በዓይኑ ማየት ይችላል፦ ከላይ አረንጓዴው ሣር ቆሟል፤ ከሥሩ ቡናማ ግንዶች እንደ ገመድ ቁልቁል ወርደዋል፤ ከግንዶቹ አንጓዎች ላይ ቀጫጭን ሥሮች በደረጃ በደረጃ ተበትነዋል። እያንዳንዱ የሥር ደረጃ የአሸዋው ገጽ በአንድ ወቅት የት እንደነበረ ያመለክታል።

ይህ እንግዲህ አሸዋን በቦታው የማሰር ሥራ ተብሎ ሊጠቃለል የሚችል አይደለም። ሣሩ ለመኖር ራሱ የአሸዋውን መምጣት ይፈልጋል። አሸዋው መምጣቱን ሲያቆም ሣሩ ይሳሳል፣ አበባው ይቀንሳል፣ ቀስ በቀስም ከቦታው ይጠፋል። የዚህ መዳከም ምክንያት ለረጅም ጊዜ እርጅና ወይም የንጥረ ነገር እጥረት ይመስል ነበር። በኔዘርላንድስ ዳርቻዎች ላይ የሠሩት የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ቪም ፋን ደር ፑተን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1993 በኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ግን ትኩረቱን ወደ አፈሩ መለሰው። በሣሩ ሥሮች ዙሪያ ኔማቶድ የተባሉ በዓይን የማይታዩ ትሎችና በሽታ አምጪ ፈንገሶች ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ። በየዓመቱ አዲስ አሸዋ ሲመጣ ሣሩ ገና ወዳልተበከለው ንብርብር ሥር እየሰደደ ከእነርሱ ያመልጣል፤ አሸዋው ሲቆም ማምለጫው ይዘጋል። ያን ጊዜ ፌስቱካ ሩብራ የተባለው ሣርና ሂፖፋዬ የተባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ በተራቸው ቦታውን ይይዛሉ፤ እነርሱ በአሞፊላ ሥር ላይ የተከማቸውን በሽታ በተሻለ ይቋቋሙታልና።

ይህን ያወቀ ሰው ሣሩን የት እንደሚተክል በሌላ ዓይን ማየቱ አይቀርም። የባሕር ግንብ ተሠርቶ የአሸዋ ምንጩ በተቋረጠበት፣ ወይም አሸዋው ለግንባታ ተዝቆ ባለቀበት ዳርቻ ላይ የሚተከል አሞፊላ የሚጠብቀው ዕጣ ቀስ ያለ ሞት ነው። ጸሐፊው ሣሩን በተለይ ያሰቡለት እንዲህ ላሉት የተራቆቱ ዳርቻዎች መሆኑ ደግሞ ነገሩን ከባድ ያደርገዋል።

ጸሐፊው ይህን ነጥብ ለማጠናከር የአውሮፓን ታሪክ ጠቅሰዋል፤ ታሪኩን ማንሣታቸው መልካም ነው፣ ሆኖም ታሪኩ የሚናገረው እሳቸው ካሉት ለየት ያለ ነገር ነው። በዴንማርክ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በስካገን፣ በአሸዋ ተውጣ የቀረች ቤተ ክርስቲያን አለች። ምእመናኑ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ወደ ጸሎት ለመግባት በሩን ከአሸዋ መቆፈር ነበረባቸው፤ በ1795 ቤተ ክርስቲያኗ ተዘጋች፤ ዛሬ ከአሸዋው በላይ የሚታየው ማማዋ ብቻ ነው። በስኮትላንድ ሞሬይ ባሕረ ሰላጤ ዳር የነበረው የካልቢን ርስትም በ1694 በተነሣ የአሸዋ ማዕበል ተቀብሯል። ለእነዚህ ጥፋቶች የተሰጠውን መልስ ልብ እንበል። የዴንማርክ ንጉሥ ክርስቲያን ሦስተኛ በ1539፣ የስኮትላንድ ፓርላማም በካልቢን ማግስት በ1695 ያወጡት ሕግ በአሸዋ ላይ የበቀለውን ተክል ማጥፋትና መንቀል የሚከለክል ነበር። ሣሩ አስቀድሞ በቦታው ነበረ፤ ሰው ለጣሪያ ክዳን፣ ለምንጣፍና ለመጥረጊያ ሲያጭደው፣ ከብትም ሲግጠው አሸዋው ተለቀቀ። ስለዚህ ታሪኩ በመጀመሪያ ደረጃ የሚያስተምረው ያለውን ሣር አለመንካትን ነው። ካልቢን በመጨረሻ የረጋውም በአሞፊላ ብቻ አልነበረም፤ በ20ኛው መቶ ዘመን አሸዋው በቅርንጫፍ እየተሸፈነ ጥድ ተተክሎበት ነው ዛሬ ደን የሆነው።

በዚሁ ነጥብ ላይ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። ጸሐፊው ጨርሶ የማይንቀሳቀስ የአሸዋ ክምርን እንደ ግብ አስቀምጠዋል። ሣሩ በተፈጥሮ በሚበቅልበት በአውሮፓ ግን ዛሬ የጥበቃ ባለሙያዎች በብዙ ቦታ የሚጨነቁት አሸዋው ከመጠን በላይ በመርጋቱ ነው። በደቡብ ዌልስ በሚገኘው የኬንፊግ የአሸዋ ክምር ውስጥ ሊፓሪስ ሎዜሊ የተባለው ብርቅዬ ኦርኪድ በክምሮቹ መካከል ባሉ ገላጣና እርጥብ ጎድጓዳ ቦታዎች ይበቅላል፤ አሸዋው ረግቶ ሣርና ቁጥቋጦ ሲሸፍነው ኦርኪዱ ወደ መጥፋት ተቃረበ። ከ2012 ጀምሮ በቁፋሮ መኪና የላይኛው ሣር ከነሥሩ እየተገፈፈ አሸዋው እንደገና ተገለጠ። ኔዘርላንድስም፣ ከባሕር ጠለል በታች ያለ መሬቷን በአሸዋ ክምር የምትጠብቀው አገር፣ በዙይድ ኬነመርላንድ ብሔራዊ ፓርክ ፊት ለፊት ባለው ክምር ላይ ነፋስ አሸዋ ወደ ውስጥ የሚያስገባባቸውን ሰፋፊ በሮች ሆን ብላ ቆፍራለች። አሸዋን ለማቆም ከማንም በላይ ምክንያት ያላት አገር ይህን ማድረጓን ጸሐፊው ቢያጤኑት መልካም ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ጨውን የሚመለከተው፣ ብዙ አያቆየንም። አሞፊላ ነፋስ የሚረጨውን የጨው ካፊያ በሚገባ ይቋቋማል። ሥሩ ግን የባሕር ውኃን አይወድም፤ የአሸዋው ጨው ከ1 በመቶ ገደማ ሲያልፍ የአውሮፓው አሞፊላ ይቸገራል፤ የባሕር ውኃ ጨው ደግሞ ወደ 3.5 በመቶ ነው። ከውኃው ጠርዝ አጠገብ በተፈጥሮ የሚበቅሉት ሌሎች ሣሮች ናቸው፤ በአውሮፓ ይህን የፊት መስመር የሚይዘው ቲኖፒረም የተባለው ሣር ሲሆን፣ ዝቅተኛውን የመጀመሪያ ክምር እርሱ ይሠራል፤ አሞፊላ የሚመጣው ክምሩ ማዕበል ከሚደርስበት ከፍታ በላይ ሲሆን ነው። እስከ ውኃው ጠርዝ ይተከል የሚለው ምክር በመጀመሪያው ብርቱ ማዕበል ችግኙን ለባሕር መስጠት ይሆናል።

በሦስተኛው ነጥብ ጸሐፊው የሣሩን ጥንካሬ ለማሳየት ቅጠሉን በምሳሌነት አንሥተዋል፤ የቅጠሉ ነገር በእርግጥም የሚደነቅ ነው። የአውሮፓውን አሞፊላ ቅጠል በሚነፍስበት ደረቅ ቀን ቢመለከቱት ክብና ቀጭን ቱቦ ይመስላል፤ ለስላሳና ሰም የለበሰው ጀርባው ወደ ውጭ ሆኖ ተጠቅልሏል። ጥቅልሉን በጣት ከፍተው ሲያዩት ውስጡ በረጃጅም ሸንተረሮች የተከፋፈለ ነው፤ ቅጠሉ አየር የሚያስገባባቸውና እርጥበት የሚያጣባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት በእነዚህ ሸንተረሮች መካከል፣ በጥቃቅን ፀጉሮች ተሸፍነው ነው። በሸንተረሮቹ ግርጌ ያሉት ልዩ ሕዋሳት ውኃ ሲያጡ ይኮማተሩና ቅጠሉን ይጠቀልሉታል፤ እርጥበት ሲያገኙ ይነፉና ይዘረጉታል። ሣሩ ድርቅን የሚችለው በዚህ ጥበብ ነው።

ነገር ግን ድርቅን መቻል እግርን መቻል አይደለም። አዳዲስ ቡቃያዎች የሚወጡት ከአሸዋው ገጽ ብዙም ሳይርቁ ካሉ ለስላሳ እንቡጦች ነው፤ ሰዎች በተደጋጋሚ ሲመላለሱባቸው ይሰበራሉ፤ ቦታው ይራቆታል፤ ነፋስም በዚያች ቀጭን መንገድ ገብቶ ክምሩን ከመሃል ይቦረቡረዋል። በብዙ አገሮች በአሸዋ ክምር ላይ ከፍ ያለ የእንጨት መተላለፊያ የሚሠራውና አጥር የሚታጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ተከላውም የራሱ ሕግ አለው። ሣሩ ሳይነቃ፣ ከመጸው መጨረሻ እስከ ፀደይ መጀመሪያ ባለው ቀዝቃዛ ጊዜ፣ አገዳዎቹ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሦስት ሆነው ይተከላሉ፤ በአሸዋው ላይ በጥልቀት ካልተተከሉ ነፋስ ሥራቸውን ገልጦ ያደርቃቸዋል። የሙቀት ወሰንም አለ፤ የአሜሪካው አሞፊላ በተፈጥሮ ወደ ደቡብ የሚደርሰው እስከ ሰሜን ካሮላይና ሲሆን፣ እዚያ ሙቀት፣ ተባይና ፈንገስ ተባብረው ስለሚያዳክሙት ቦታውን ለዘለቄታው የሚይዘው ዩኒዮላ ፓኒኩላታ የተባለው የደቡብ ሣር ነው። እንክብካቤ አይሻም የሚለው አባባል ከእነዚህ ከአንዳቸውም ጋር አይሄድም።

አራተኛው ነጥብ፣ የትኛውም ዝርያ ያው ነው የሚለው፣ በእኔ አስተያየት ከስድስቱ ሁሉ ብዙ ጥፋት ሊያስከትል የሚችለው ነው፤ ላይ ላዩን ሲታይ እውነት ይመስላልና። ሁለቱን ሣሮች ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ለመለየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ቅጠሉ አገዳውን አቅፎ ከቆየ በኋላ ወደ ውጭ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ አንዲት ስስ ሽፋን አለች። በአውሮፓው ይህች ሽፋን ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የምትረዝምና ጫፏ የሾለ ናት፤ በአሜሪካው ከጥቂት ሚሊ ሜትር አትበልጥም። ከዚህች ምልክት ውጪ ሁለቱም ረጃጅም ቅጠልና ጥቅጥቅ ያለ ዘንግ መሰል የአበባ ራስ ያላቸው፣ እስከ ሰው ወገብ የሚደርሱ ሣሮች ናቸው።

የሚሠሩት የአሸዋ ክምር ግን አንድ አይደለም፤ ይህም በግልጽ የታየው ሁለቱም ባዕድ በሆኑበት በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። የአውሮፓው አሞፊላ ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሳን ፍራንሲስኮ፣ ዛሬ ጎልደን ጌት ፓርክ በሚባለው አሸዋማ ቦታ ተተከለ፤ ከዚያም በኦሪገንና በዋሽንግተን ግዛቶች ዳርቻዎች ተስፋፋ። በ1930ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው አሞፊላ ከአህጉሩ ምሥራቅ ተወስዶ በኮሎምቢያ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ተተከለና በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ በብዙው የዋሽንግተን ዳርቻ ላይ የአውሮፓውን ዘመዱን ገፍቶ ቦታውን ወሰደ። የአውሮፓው አገዳዎቹን አጠጋግቶ ስለሚያበቅል ብዙ አሸዋ በጠባብ ቦታ ይይዛል፤ ክምሩም ከፍ ያለና ተዳፋቱ የበረታ ይሆናል። የአሜሪካው አገዳዎቹ የተራራቁ ናቸው፤ ወደ ጎን በፍጥነት ይስፋፋል፤ ክምሩም ዝቅ ያለና ሰፋ ያለ ይሆናል። ከክምሩ ጀርባ ለሚኖር ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ ነገር አይደለም፤ በክረምት ማዕበል ወቅት ውኃው ክምሩን ዘልሎ ወደ መንደሩ መግባቱን ወይም አለመግባቱን የሚወስነው የክምሩ ከፍታ ነው። በ2021 ደግሞ የሁለቱ ዝርያዎች ድቅል በዚሁ ዳርቻ መገኘቱ ታውቋል። ድቅሉ ምን ዓይነት ክምር እንደሚሠራ መከታተል ገና የተጀመረ ሥራ ነው፤ የተገኘውን እንትከል የሚለው ምክር እንዲህ ያለውን ያልታሰበ ግንኙነት በየዳርቻው የሚያበዛ ይሆናል።

አምስተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ከተፈጥሮ ክልል ውጪ ስለሚደርሰው ጉዳት የሚነገረው ሁሉ የተፈጥሮ ወዳዶች ማጋነን ነው ብለዋል። ይህን አባባል ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አሞፊላ ከመምጣቱ በፊት የምዕራብ አሜሪካ ዳርቻ ሌይመስ ሞሊስ የተባለ የራሱ ሣር ነበረው፤ እርሱ ሳሳ ብሎ ስለሚበቅል በሥሩ ገላጣ አሸዋ ይተርፋል፣ አሸዋም አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። አሞፊላ ሲተከል በዳርቻው ርዝመት ያልተቆራረጠ ከፍ ያለ ክምር ተሠራ፤ ወደ ውስጥ ይገባ የነበረው አሸዋ ተቋረጠ፤ በኦሪገን ሰፊው ገላጣ የአሸዋ ምድር ከዓመት ዓመት በዕጽዋት እየተሸፈነ ጠበበ። ስኖዊ ፕሎቨር የምትባለው ትንሽ ወፍ እንቁላሎቿን የምትጥለው በገላጣ አሸዋ ላይ በጫረቻት ጥልቀት በሌላት ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ደኅንነቷ ያለው አዳኝ ሲመጣ ከሩቅ በማየቷ ነው። ሣሩ ይህን እይታ ዘጋባት፤ ለአዳኞቿም መደበቂያ ሆነ። በ1993 የምዕራብ ዳርቻዋ ፕሎቨር በአሜሪካ ሕግ የመጥፋት ሥጋት ያለባት ተብላ ስትመዘገብ፣ የጎጆ ቦታዋን ካጠፉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሣር ነበር።

ጉዳቱ በቀጥታ ብቻም አይደርስም። በካሊፎርኒያ ፖይንት ሬይስ ውስጥ ሉፒነስ ቲደስትሮሚ የተባለ፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ ብርቅዬ አበባ አለ። አሞፊላ አጠገቡ ሲበቅል አይጦች በሣሩ ውስጥ ተጠልለው እየወጡ የአበባውን ዘር ይበላሉ፤ ሣሩ ራቅ ባለበት ቦታ ግን ገላጣውን አሸዋ ማቋረጥ ስለሚፈሩ ብዙ ዘር ይተርፋል። ሣሩ አበባውን ሳይነካው፣ ጥላ እንኳ ሳያጠላበት ይጎዳዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ተቆጥሮና ተለክቶ የታወቀ እንጂ የስሜት ወሬ አይደለም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ የምለው አለ። በኦሪገንና በዋሽንግተን ከፍታው የጨመረው ክምር ከጀርባው ላሉት ቤቶችና መንገዶች ከለላ ሆኗል፤ ይህን ጥቅም መካድ አይገባም። በሻምፕሌን ሐይቅ ዳር ያለው አሞፊላም በሁለቱም ግዛቶች፣ በኒው ዮርክም በቨርሞንትም፣ በመጥፋት አደጋ ላይ ያለ ተክል ተብሎ የሚጠበቅ ነው። አንድ ወገን በአህጉሩ አንድ ጫፍ ላይ በሕግ ሲጠበቅ በሌላው ጫፍ ላይ በሕግና በበጀት ይነቀላል። ጸሐፊው «አሸዋማ ዳርቻ ሁሉ» ያሉት ሐረግ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሣሩን ከቦታው ለይተን ጥሩ ወይም መጥፎ የምንልበት መንገድ የለንም።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ጉዳት ካመጣ ይነቀላል የሚለው፣ በተለያዩ አገሮች በተግባር የተሞከረ ነውና መልሱን ከተሞከረው መውሰድ እንችላለን። በእጅ ሲነቀል ግንዱ አሸዋ ውስጥ ይበጠሳል፤ ቀሪው ቁራጭ አንድ እንቡጥ ካለው እንደገና ይበቅላል። ማዕበል የቆረጣቸው ቁርጥራጮች በባሕር ውኃ ውስጥ ለሳምንታት ተንሳፍፈው በሌላ ዳርቻ ላይ ሥር ይሰዳሉ፤ ስለዚህ አንድን ዳርቻ ያጸዳ ሰው ጎረቤት ዳርቻው ካልጸዳ ሥራው አያልቅም። በፖይንት ሬይስ ሣሩን ለማጥፋት በቁፋሮ መኪና አሸዋው ተገልብጦ የላይኛው ንብርብር ከነሥሩ በጥልቀት እንዲቀበር ተደርጓል፤ በኦሪገንም ለወፏ ጎጆ ሲባል ቡልዶዘር ክምሮቹን ይንዳል፤ ሣሩ ግን ስለሚመለስ ሥራው በየጊዜው ይደጋገማል።

በኒው ዚላንድ ስቱዋርት ደሴት፣ በሜሰን ቤይ፣ የተደረገው በተለይ የሚጠቀስ ነው። የአውሮፓው አሞፊላ እዚያ ተተክሎ የአገሩን ተክል፣ የአገሩ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ማኦሪዎች ፒንጋዎ የሚሉትንና ወርቃማ ቅጠሉን ለሽመና የሚጠቀሙበትን ፊሲኒያ ስፓይራሊስ፣ ከአሸዋው ላይ እየገፋ አስወጣው። የአገሪቱ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሣርን ብቻ የሚገድል መድኃኒት በሄሊኮፕተር ይረጫል፤ ፒንጋዎ ሣር ቢመስልም የሌላ ቤተሰብ ተክል ስለሆነ መድኃኒቱ ያልፈዋል። ይህ ዕድል የተገኘው በዕጽዋቱ የዘር ሐረግ ምክንያት ነው፤ የአገሩ ተክል ራሱ ሣር በሆነበት፣ ለምሳሌ ሌይመስ ሞሊስ በሚበቅልበት የፓስፊክ ዳርቻ፣ ተመሳሳይ መድኃኒት ሁለቱንም ይገድላል። እንዲህም ሆኖ ከርጭቱ በኋላ ሠራተኞች እየዞሩ የቀረችውን እያንዳንዷን ቡቃያ በእግር ማሰስ ይኖርባቸዋል። ሣሩ ከጠፋ በኋላም ተይዞ የነበረው አሸዋ ይለቀቃል፤ ከጀርባው እርሻ ወይም ቤት ካለ የመንቀል ውሳኔው ራሱ አጨቃጫቂ ይሆናል።

ጸሐፊው ሐሳባቸውን ወደ ተግባር ለመለወጥ የሚያስቡ ከሆነ ከመትከላቸው በፊት ሦስት ነገር እንዲመረምሩ እጠይቃቸዋለሁ። ወደዚያ ዳርቻ ዛሬም አሸዋ ይመጣል ወይ? ከጀርባው ያለውን የሚጠብቀው ከፍ ያለው ክምር ነው ወይስ ዝቅ ብሎ የሚሰፋው? ከሁሉ በፊት ደግሞ በዚያ ዳርቻ አስቀድሞ የነበረው ተክል ማን ነው? በፓስፊኩ የአሜሪካ ዳርቻ ሌይመስ፣ በኒው ዚላንድ ፒንጋዎና ስፒኒፌክስ የተባለው ሣር፣ ከሰሜን ካሮላይና በታች ዩኒዮላ፣ በአውሮፓ ደግሞ አሞፊላ ራሱ አሉ። በየችግኝ ጣቢያው በብዛት የሚገኘው አሞፊላ መሆኑ ለማንኛውም ዳርቻ ተስማሚ አያደርገውም፤ የአገሩን ተክል ዘር ሰብስቦ ማባዛት ጊዜ ይወስዳል፣ እሳቸው የጻፉት ጽሑፍም አንባቢው ለዚህ ጊዜ እንዲሰጥ ቢያሳስብ ኖሮ በብዙው በተስማማሁ ነበር።